«ኔትወርክ የለም» ሲባል የሌለው ማን ነው?

ፉሪ ላይ ባንክ የገባ፣ ግብር ሊከፍል የተሰለፈ ወይም የይዞታ ጉዳይ ይዞ መስኮት ስር የቆመ ሰው «ኔትወርክ የለም» መባልን ለምዶታል። ፉሪ ከሰበታ ወጥታ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው ሸገር ከተማ አንድ ክፍለ ከተማ ብትሆንም መልሱ አልተለወጠም። ባለጉዳዩ ይሰማል፣ ቴሌን ያማል፣ «በቃ ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ይወጣል። የመስኮቱ ሠራተኛም አልዋሸም፤ ስክሪኑ ላይ ያየው መገናኘት እንዳልተቻለ የሚናገር ጽሑፍ ነው። ከጽሑፉ ጎን ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር አለ፤ እሱን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እዚህ ጥብቅና የምቆመው ለዚያ ቁጥር ነው።

ከሠራተኛው ኮምፒውተር እስከ ዳታቤዙ ድረስ ያለው ገመድ ብቻ አይደለም። ሥራው ማገናኘት ብቻ የሆነ ሶፍትዌርም መሀል ላይ አለ። ኦራክል ዳታቤዝ ላይ ሊስነር ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ 1521 በሚባለው ፖርት ላይ ይቀመጣል። እንደ ግቢ ዘበኛ ነው፤ እንግዳውን በር ላይ ይቀበላል፣ «ማንን ፈልገው ነው?» ይላል፣ ካስገባ በኋላ ጨዋታቸው ውስጥ አይገባም። ፖስትግሬስ በ5432፣ ማይኤስኪውኤል በ3306፣ የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር በ1433 እንግዳ ይቀበላሉ። ባንኮቻችን የሚሠሩባቸው ቲ24 እና ፍሌክስኪዩብን የመሰሉ ሲስተሞችም ከጀርባቸው እንዲህ ያለ ዳታቤዝ አለ።

ተረት፦ መገናኘት ካልተቻለ መስመሩ ተቋርጧል

እውነታው ብዙ ጊዜ የዚህ ግልባጭ ነው። ኦራ-12541 የሚለው ስህተት ትርጉሙ «ሊስነር የለም» ነው። ይህ የሚታወቀው ጥሪው ከፉሪ ተነስቶ ሰርቨሩ ያለበት ድረስ ከደረሰ በኋላ፣ ማሽኑ ራሱ «በዚህ ፖርት የሚያዳምጥ የለም» ብሎ ሲመልስ ነው። የሚታማው መስመር ጥያቄውን አድርሷል፣ መልሱንም ይዞ ተመልሷል። ጥፋቱ ያልተነሳው ሊስነር ወይም በስህተት የተጻፈው የፖርት ቁጥር ነው። ኦራ-12514 ሲመጣ ደግሞ ሊስነሩ ነቅቷል፤ የተጠራውን ዳታቤዝ ግን በመዝገቡ ላይ አላገኘውም። ኦራ-12154 ከሁሉም ያስገርማል። እዚህ ላይ ጥሪው ከሠራተኛው ኮምፒውተር ጭራሽ አልወጣም፤ ቲኤንኤስኔምስ የተባለው የአድራሻ ፋይል ውስጥ ስሙ የለም፣ ወይም አንዲት ቅንፍ ተረስታለች። ለዚህ ቴሌን መጥራት ቴክኒሻኑን በከንቱ ማልፋት ነው።

መስመሩን መጠርጠር የሚገባው መልስ ሲጠፋ ነው። ጥሪው ወጥቶ፣ ሰከንዱ እየተቆጠረ፣ ምንም ሳይመጣ ኦራ-12170 ወይም «ታይምድ አውት» ከታየ ያን ጊዜ ፋይበሩን መጠየቅ ያስኬዳል። እንደ ፉሪ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ያሉ የዳር ከተሞች መንገዱ ሲቆፈር፣ ሕንፃው ሲተከል ነው የሚውሉት፤ ኬብል ይቆረጣል። ይሁንና ዝምታውም ቢሆን ጥሪውን ውጦ ዝም ያለ ፋየርዎል ሊሆን ይችላል። እምቢታን ከዝምታ የለየ ባለሙያ የምርመራውን ግማሽ ጨርሷል።

ተረት፦ ፒንግ ካደረገ ኔትወርኩ ጤነኛ ነው

ፒንግ የሚጠይቀው ማሽኑ መኖሩን ብቻ ነው፤ 1521ን አይነካም። ፒንግ የተዘጋባቸው ጤነኛ ሰርቨሮችም ሞልተዋል። የኦራክሉ ቲኤንኤስፒንግ አንድ እርምጃ ይጠጋል፣ እሱም ግን ሊስነሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ከሊስነሩ ጀርባ ያለው ዳታቤዝ ተዘግቶ እያለ «ኦኬ» ብሎ ይመልሳል። ይህንን «ኦኬ» ይዞ «በእኛ በኩል ችግር የለም» የሚል ሪፖርት መጻፍ የተለመደ ነው፤ ሪፖርቱ የሚያረጋግጠው በጣም ትንሽ ነገር ነው።

ተረት፦ መብራት ከመጣ ሲስተሙም መምጣት አለበት

በእኛ ሁኔታ ሊታወቅ የሚገባው፣ ግን ብዙም የማይነገርለት ይህ ነው። አንድ ሠራተኛ ፕሮግራሙን በወጉ ሲዘጋ ኮምፒውተሩ ሰርቨሩን ተሰናብቶ ይወጣል፤ ቦታውም ይለቀቃል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ስንብት የለም። ሰርቨሩ ያለው ሌላ ቦታ፣ ጄኔሬተር ባለበት ነው፤ ፉሪ ላይ መብራት እንደጠፋ በምን ያውቃል? ሠራተኛው ሁሉ እንደተቀመጠ ነው የሚመስለው። የሊኑክስን መደበኛ ቅንብር ብናይ፣ ዝም ያለ ግንኙነት በሕይወት መኖሩን መጠየቅ የሚጀምረው ከ7200 ሰከንድ፣ ማለትም ከ2 ሰዓት በኋላ ነው። መልስ ካጣ በ75 ሰከንድ ልዩነት 9 ጊዜ ደጋግሞ ይጠይቃል። ተስፋ ቆርጦ ግንኙነቱን እስኪዘጋ ከ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ በላይ ይሄዳል ማለት ነው። ይህም የሚሆነው ፕሮግራሙ ያንን ጥየቃ ካበራው ነው፤ ካላበራው ባዶ ወንበሩ ተይዞ ይውላል።

መብራቱ በ20 ደቂቃ ተመለሰ እንበል። ሁሉም ኮምፒውተሩን ከፍቶ እንደገና ይገባል። በዚህ ሰዓት ሰርቨሩ ላይ የቀድሞዎቹም የአዲሶቹም ግንኙነቶች አሉ፤ መብራቱ በቀን ሦስት ጊዜ ከጠፋና ሌሎች ቅርንጫፎችም እንዲሁ ከሆኑ ቁጥሩ ይከመራል። ፖስትግሬስ ሳይነካ የተጫነ ከሆነ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 100 ግንኙነት ነው፤ ማይኤስኪውኤል ደግሞ 151። ወንበሩ ሲሞላ ቀጣዩ ሰው ይባረራል፤ መስኮቱ ላይ ግን «ኔትወርክ የለም» ይባላል። የባሰም አለ። መብራቱ ሲጠፋ አንዱ ሠራተኛ የአንድን ደንበኛ መዝገብ እያስተካከለ ከነበረ መዝገቡ በሌለ ሰው እጅ ተቆልፎ ይቀራል። ያ ደንበኛ ተመልሶ ሲመጣ የእሱ ፋይል ብቻ አልከፈት ይላል፤ የሌላው ሰው ይሠራል። ደንበኛው ይህን እንደ ሰበብ ቢቆጥረው አይፈረድበትም፤ ግን ሊሆን የሚችል ነገር ነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ኦራክል ላይ «ኤስኪውኤልኔት ኤክስፓየር ታይም» የሚባል አንድ መስመር አለ። 10 ብሎ መሙላት ሰርቨሩ በየ10 ደቂቃው «አለህ ወይ?» እያለ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። ፖስትግሬስም ተመሳሳይ ቅንብር አለው። ከምሳ መልስ የመጀመሪያው ደንበኛ ጉዳይ ሁልጊዜ የሚበላሽበት ቢሮ ካለ ያንንም ይኸው ቅንብር ያስተካክለዋል። መሀል ያለ ፋየርዎል ለአንድ ሰዓት ገደማ ምንም ያልተላለፈበትን ግንኙነት ለማንም ሳይናገር ይጥለዋል፤ ሁለቱ ጫፎች ግን እንደተገናኙ ያስባሉ። ሠራተኛው ተመልሶ ቁልፍ ሲነካ ኦራ-03135፣ ማለትም «ግንኙነት ጠፋ» ይመጣል። በየ10 ደቂቃው የምትላከው ትንሽ ጥያቄ ግንኙነቱ በፋየርዎሉ ዓይን ሥራ ፈት እንዳይመስል ታደርገዋለች።

ተረት፦ ሪስታርት የማይፈታው የለም

ሪስታርት ዝናውን ያገኘው በከንቱ አይደለም፤ ባዶ ወንበሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠርጋል። ችግሩ ማስረጃውንም አብሮ መጥረጉ ነው። ፕሮግራሙ ግንኙነት ከፍቶ መዝጋት የሚረሳ ከሆነ ማክሰኞ ሪስታርት ይደረጋል፣ ሐሙስም ይደረጋል፣ ምክንያቱ ግን አይታወቅም። ከሪስታርት በፊት ሁለት ደቂቃ ወስዶ የስህተቱን ቁጥር በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ፖስትግሬስ ላይ ፒጂ-ስታት-አክቲቪቲን፣ ማይኤስኪውኤል ላይ ሾው ፕሮሰስሊስትን አይቶ ማን ስንት ወንበር እንደያዘ መመዝገብ፣ የሊስነሩን ሎግ የመጨረሻ መስመሮች ቀድቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የግንኙነቱን ጣሪያ ወደ ሺዎች ማሳደግም ፈውስ አይደለም፤ ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የራሱን ፕሮሰስ ስለሚከፍት ሚሞሪው ያልቃል። ለዚህ የተሠሩት እንደ ፒጂባውንሰር ያሉ፣ ጥቂት ግንኙነትን ለብዙ ሰው የሚያዳርሱ ፕሮግራሞች ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሊስነሩን ሪስታርት ያደረገ ሰው ወዲያው ኦራ-12514 ሲመጣበት ደንግጦ ደግሞ ሪስታርት ያደርጋል። ዳታቤዙ ራሱን ለሊስነሩ የሚያስመዘግበው በየ60 ሰከንዱ ገደማ ነው፤ አንድ ደቂቃ መታገስ ወይም ዳታቤዙ ላይ «አልተር ሲስተም ሬጂስተር» ብሎ ማዘዝ ይበቃ ነበር።

ተረት፦ ተጠልፈናል

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ሲችሉ ብዙ ሰው መጀመሪያ ያሰበው ጠለፋ ነበር። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስታወቀ፤ ብሔራዊ ባንክም ምክንያቱ በሲስተሙ ላይ የተደረገ የጥገናና የፍተሻ ሥራ ነው አለ። ባንኩ ያለአግባብ ወጣ ያለው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። ያን ሌሊት የጠፋ መስመር አልነበረም፤ እንዲያውም ገንዘቡ የወጣው መስመሩ እየሠራ ነው።

በትንሹም እንዲሁ ይሆናል። ማይኤስኪውኤል ስህተት 1129 ብሎ አንድን ኮምፒውተር ሲያግድ ቢሮው ይሸበራል። በመደበኛ ቅንብሩ ያ እገዳ የሚመጣው ከአንድ አድራሻ ተጀምረው መሀል ላይ የተቋረጡ ግንኙነቶች በተከታታይ 100 ሲደርሱ ነው፤ የተሳሳተ ፓስወርድ አይቆጠርበትም። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ «ሰርቨሩ አለ ወይ?» ብሎ በየደቂቃው በሩን አንኳኩቶ ሳይገባ የሚመለሰው የራሱ የቢሮው መከታተያ ፕሮግራም ሆኖ ይገኛል።

ተረት፦ ፋየርዎሉን ክፈተው፣ የሚሠራውን አትንካው

ጠለፋ የለም ማለት ግን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚገባው በእነዚህ ሁለት ምክሮች በኩል ነው። ግንኙነቱ ሲያስቸግር ዳታቤዙን ለመላው ኢንተርኔት መክፈት ለጊዜው ያሠራል። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ ያለ ፓስወርድ ለኢንተርኔት የተከፈቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የሞንጎዲቢ ዳታቤዞች ተደምስሰው ባለቤቶቻቸው ቤዛ ተጠይቀዋል።

አለመንካትም ዋጋ አለው፤ የማገናኛው ሶፍትዌር ራሱ ስህተት ይዞ ይወጣልና። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 2003 ስላመር የተባለው ትል በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር የማገናኛ አገልግሎት፣ በ1434 ፖርት በኩል ገብቶ ወደ 75 ሺህ የሚጠጉ ማሽኖችን ያዘ፤ አብዛኞቹን በ10 ደቂቃ ውስጥ። ማስተካከያው ከወጣ ስድስት ወር አልፎት ነበር። የኦራክልም ሊስነር ከየትኛውም ማሽን የመጣን «እኔ ዳታቤዙ ነኝ» ባይ አምኖ ይመዘግብ እንደነበር ጆክሲን ኮረት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ለኩባንያው አስታውቆ በ2012 ለሕዝብ ወጣ። ከ12ሲ ስሪት ጀምሮ የተመዝጋቢውን አድራሻ ማጣራት ሳይጠየቅ የሚበራ ሆኗል። ከዚያ በፊት ያለ ስሪት ላይ የሚሠራ ቢሮ ግን «ቫሊድ ኖድ ቼኪንግ ሬጂስትሬሽን» የሚለውን መስመር ሊስነር ፋይሉ ውስጥ በእጁ መጻፍ አለበት፤ ይህም የሚሆነው ስሪቱ መስመሩን የሚያውቅ ከሆነ ነው።