የጥንቱ ሰንጠረዥ፦ በማላኪያ እንዴት እያዘጋጀን እንደምንጫወት



በጁባ ከተማ ማላኪያ ሰፈር ጥቂት ጓደኛሞች ማታ ማታ ተሰብስበን የምንጫወተውን ጨዋታ በካምፕ ያላችሁ ወገኖቻችንም አዘጋጅታችሁ እንድትጫወቱት በዚህ ጽሑፍ ለማብራራት እሞክራለሁ። ጨዋታው ሰንጠረዥ ይባላል። ዛሬ ሰንጠረዥ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የኳስ ቡድኖች ደረጃ የሚጻፍበት መስመር ነው። አባቶቻችን ግን ንጉሥና ሠራዊቱን በጨርቅ ላይ አሰልፈው የሚዋጉበትን ጨዋታ ሰንጠረዥ ይሉት ነበር። የቼዝ ዘመድ ነው፤ ሆኖም ቼዝ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሰንጠረዥ ያውቃል ማለት አይደለም።

ጨዋታው በአገራችን በተለይ በመኳንንቱ ቤት የተለመደ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይን ይገዙ የነበሩት ራስ ወልደ ሥላሴ ይወዱት እንደነበር በዘመኑ የመጡ እንግሊዛውያን ጽፈዋል። እቴጌ ጣይቱም ጎበዝ ተጫዋች እንደነበሩ ይነገራል፤ ስለዚህ ‹‹የወንዶች ጨዋታ ነው›› የሚል ካለ መልሱ ይኸው ነው። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ጨዋታው ታሪክና ሕግ ሰፊ ጽሑፍ አሳትመዋል። ያን ጊዜም ቢሆን የሚጫወቱት ሰዎች እየጠፉ ነበር።

አሁን ወደ ዝግጅቱ እንግባ። ገበታው ጨርቅ ነው። በጥንት ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ መስመር ይሰፋበት ነበር። እንደ ቼዝ አንዱ ቤት ነጭ፣ አንዱ ጥቁር አይደረግም፤ ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ነው። እኛ ከልብስ ሰፊዎች ቁራጭ ጨርቅ ለምነን በእስክሪብቶ አሰመርንበት። ስምንት በስምንት፣ በጠቅላላው 64 ቤት ይሆናል። እያንዳንዱን ቤት 5 ሳንቲ ሜትር ካደረጋችሁ 40 በ40 የሆነ ጨርቅ ይበቃል። ታጥፎ ኪስ ውስጥ ስለሚገባ ለስደተኛ የሚስማማ ገበታ ነው።

ጠጠሮቹ ለአንድ ተጫዋች 16 ናቸው፤ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደር እና ስምንት መደቅ። የመኳንንቱ ጠጠር ከዝሆን ጥርስ ወይም ከቀንድ የተሠራ ነበር። ለእኛ ግን መደቁ የለስላሳ ቆርኪ ነው፤ ለአንዱ ወገን አንድ ቀለም፣ ለሌላው ሌላ ቀለም። የቀሩትን አንድ ጓደኛችን ከደረቅ እንጨት በቢላዋ ጠርቦ ሠራቸው። ንጉሡ ረጅም ይሁን፣ ፈረሱ አንገት ይኑረው፤ ከዚህ በላይ መጨነቅ አያስፈልግም። ወገኖቹን በክልል፣ በብሔረሰብም ሆነ በድርጅት ስም አትጥሩ። እኛ ‹‹ቢጫ›› እና ‹‹ነጭ›› እንላለን፤ ይህን ሕግ ገና ከመጀመሪያው ምሽት አንስተን አጥብቀን ይዘነዋል።

አሰላለፉ እንደ ቼዝ ሆኖ ልዩነቱ እያንዳንዱ ተጫዋች ንጉሡን በፈርዙ በስተቀኝ ማቆሙ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ነገሥታት ፊት ለፊት አይተያዩም። ደርና ፈረስ በቼዝ እንደምናውቃቸው ይሄዳሉ። ንጉሡ በየትኛውም አቅጣጫ አንድ ቤት ይሄዳል። ፈርዝ አንድ ቤት ብቻ በሰያፍ ይሄዳል፤ የቼዟ ንግሥት ኃይል የለውም። ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፣ በመካከል ያለው ጠጠር አያግደውም። መደቅ ሁልጊዜ አንድ ቤት ወደፊት ይሄዳል፣ በሰያፍ ይበላል። ጫፍ ከደረሰ በእኛ ዘንድ ፈርዝ ይሆናል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን አጀማመሩ ነው። ተራ የሚባል ነገር የለም! ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ የፈለገውን ያህል ጠጠር እያንቀሳቀሰ ሠራዊቱን ያሰልፋል። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን መልሶ ማስተካከልም ይችላል። ይህ ክፍል ‹‹ወረራ›› ይባላል፤ የሚያበቃውም አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ነው። ከዚያ በኋላ በተራ ይሆናል። ለጀማሪዎች እጅ ከእጅ እየተጋጨ ጭቅጭቅ ስለሚነሳ አንድ አጫዋች መሰየም ይገባል። አጫዋቹ ‹‹ተበላ!›› ሲል ሁለቱም እጃቸውን ያነሳሉ። ማን ቀድሞ በላ የሚለውንም የሚወስነው እሱ ብቻ ነው።

አንድ ምሽት ‹‹ወረራ›› የሚለውን ቃል የሰማ አንድ ጎልማሳ ምንም ሳይናገር ተነስቶ ሄደ። አንዲት እናትም ‹‹ከጦርነት ሸሽታችሁ መጥታችሁ እንደገና ጦር ታሰልፋላችሁ?›› ብለውናል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ በእኔ አስተያየት በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ይህን ክፍል ‹‹ሰልፍ›› ማለት ጀመርን። ጎልማሳው ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ መጣ፣ ቆሞም ይመለከት ነበር። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ፈረሱን ወደፊት ሰዶ ወዲያው ሲመልሰው አየና ‹‹መመለስ ይቻላል እንዴ?›› ሲል ጠየቀ። ‹‹ደም እስኪፈስ ድረስ ይቻላል›› አለው ልጁ፣ ቆርኪ መብላቱን ማለቱ ነው። አሁን አጫዋቻችን እሱ ነው።

ስለ ተመልካቾችም ልናገር። ቼዝ በዝምታ ይጫወቱታል። በራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ግን በዙሪያ ያለው ሁሉ ምክር ይሰጥ ነበር ይባላል፤ እኛም አንከለክልም። አፍ ይናገራል፣ እጅ ግን ጨርቁን አይነካም። በገንዘብ መጫወት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ተሸናፊው ሻይ ያፈላል፣ አበቃ።

አሸናነፉም ወግ አለው። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መግደል ለጥንቶቹ ተጫዋቾች እንደ ሻካራ አጨዋወት ይቆጠር ነበር፤ በፊል ወይም በመደቅ የገደለ ይመሰገናል። የተሸናፊው ንጉሥ ብቻውን ከቀረ ደግሞ መግደል አይፈቀድም፣ ጨዋታው እኩል ይሆናል። ስለዚህ አሸናፊ መሆን የሚፈልግ ሰው የባላጋራውን ሠራዊት ጠራርጎ እንዳይጨርስ መጠንቀቅ አለበት። ጀማሪ ልጆች ይህን ሕግ ሲሰሙ ይናደዳሉ። እነሱን በንጉሥና በመደቅ ብቻ ጀምሯቸው፣ ፈረስና ፊልን በሁለተኛው ሳምንት ጨምሩላቸው፤ ወረራውን መጨረሻ ላይ አስተምሯቸው።