ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ቴስተር

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል፤ «መኪናዬ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ትለኛለች፣ ባትሪ ልቀይር?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ከደብረ ታቦር፣ ከጋሳይና ከነፋስ መውጫ ናቸው። አጭሩ መልስ፦ ገና አትቀይሩ። ረጅሙ ይኸውላችሁ።

ወረታ ወይም ባሕር ዳር ያደረች መኪና በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ያችው መኪና ደብረ ታቦር ስታድር ጠቅ ጠቅ ብላ ትቀራለች። ሰው «ከፍታው ነው» ይላል። ከፍታው የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ባትሪውን አይነካውም፤ ባትሪውን የሚያደክመው ብርዱ ነው። ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ፣ ነፋስ መውጫ ከ3,000 በላይ። ብርድ ሲበረታ ባትሪ ውስጥ በእርሳሱና በአሲዱ መካከል ያለው ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ጥሩ ባትሪ እንኳ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። የሞተሩ ዘይትም ይወፍራል፣ ስለዚህ ሞተሪኖው ከወትሮው አብልጦ ይስባል። ግማሽ ብቻ የሞላ ባትሪ ቆላ ላይ ገበናው ተሸፍኖ ይኖራል፤ ጉና ተራራ ሥር ሲያድር ይጋለጣል። መጠየቅ ያለበት ታዲያ ለምን ግማሽ ሆኖ እንደሚያድር ነው።

አሮጌ መኪና ላይ ይህ ጥያቄ ይበረታል። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ። ያለንን ይዘን መክረም ሆነ። 40 ዓመት የሞላት ቶዮታ ዲኤክስ ዛሬም ትሠራለች፤ ሽቦዋም አብሯት 40 ዓመት ሞልቶታል።

መልሱን ለማግኘት ርካሽ ዲጂታል ቴስተር ይበቃችኋል። 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉና ጠዋት፣ ቁልፍ ሳትነኩ፣ የባትሪውን ሁለት ራሶች ለኩ። 12.6 ካነበበ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ነው፣ 12 ከሆነ አልቋል ማለት ይቻላል። (ማታ ነድታችሁ ገብታችሁ ወዲያው ብትለኩ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያችኋል፤ አትመኑት።) ቀጥሎ ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ቁጥሩን እዩ። ሙሉ የነበረ ባትሪ ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው። በመጨረሻ ሞተሩ ተነስቶ፣ ትልቁ መብራት በርቶ፣ ትንሽ ጋዝ ተሰጥቶ ለኩ፤ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ሄዷል፣ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። ከ13.8 በታች ከሆነ ደግሞ ወይ ዲናሞው በወጉ አይሠራም፣ ወይ የሠራው ባትሪው ጋ አይደርስም።

ይቺ «አይደርስም» የምትለዋ ናት ብዙ ሰው ያከሰረች። ክረምት ላይ ከጋሳይ አንድ ደንበኛ ዲኤክስ ይዘው መጡ። ሌላ ቦታ ባትሪ ተቀይሮላቸዋል፣ ዲናሞም ተቀይሮላቸዋል፣ መኪናዋ ግን አሁንም በግፊ ነው የምትነሳው። ኮፈኑን ስከፍት «ልጄ፣ አንተም ዲናሞ ልትለኝ ነው?» አሉኝ። ሞተሩ እየሠራ ዲናሞው ራሱ ላይ ለካሁ፣ 14.2። ባትሪው ላይ ለካሁ፣ 13.1። ከአንድ ቮልት በላይ መንገድ ላይ ቀርቷል። አንዱን የቴስተር ጫፍ ዲናሞው መውጫ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ሳደርግ 0.1፤ ይሄ ደህና ነው። ከዲናሞው አካል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ስለካ 1.0! ይሄ ከ0.2 ማለፍ አልነበረበትም። «ጋሼ፣ ምንም አይግዙ» አልኳቸው። ሞተሩን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው የግራውንድ ገመድ ነበር ጥፋተኛው። ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ብሎኑን ስፈታው ግን ሥሩ ዝጎ፣ ግማሹ ክር ተበጥሶ፣ መቀመጫው ላይ ቀለም ተቀብቶበት ተገኘ። ለካ ቁልፍ ሲያዞሩ የጋዝ ገመዱ የሚግለው ለዚህ ኖሯል፤ ኤሌክትሪኩ በግራውንዱ መመለስ ሲያቅተው በጋዝ ገመዱ ይመለስ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን፣ አዲስ ወፍራም ገመድ አስረን፣ ባትሪው ላይ 14 ገባ። የወጣው የገመድ ዋጋ ብቻ ነው።

ዲናሞው ራሱ ላይ ቁጥሩ ዝቅ ካለ መጀመሪያ ቺንጋውን እዩ። ጭጋግ ባለበት ጠዋት ሲነሳ የሚጮህ ቺንጋ እየተንሸራተተ ነው፤ በአውራ ጣት ስትጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢረግብ ደንቡ ነው። ከዚያ ክሩስኮቱ ላይ ያለችውን የባትሪ ምልክት። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ መብራት አለባት። ካልበራች «ደህና ነው» ብላችሁ አትለፉ፤ በብዙ የድሮ መኪና ዲናሞው ሥራ የሚጀምርበት የመጀመሪያ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በዚያች አምፖል በኩል ነው። አምፖሏ ተቃጥላ ዲናሞ የተቀየረለት ሰው አውቃለሁ። እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ካርቦኑ አልቆ ይሆናል፤ ካርቦን ለብቻው ይቀየራል፣ ሙሉ ዲናሞ ካልገዛችሁ የሚላችሁን ባለሙያ አሮጌውን ፈትቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

ቀን ደህና ሞልቶ ሌሊት የሚያልቅ ከሆነ ግን የሚሰርቅ አለ። እዚህ አገር ብርዱ ራሱ ይረዳናል። ጎህ ሲቀድ፣ ሁሉ ብረት በረዶ ሆኖ ሳለ፣ ኮፈኑን ክፈቱና ዲናሞውን በእጃችሁ ዳስሱት። ሌላው ቀዝቅዞ እሱ ለብ ካለ ዳዮዱ አፈትልኮ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን ሲመጠው አድሯል። ካልሆነ የኔጌቲቩን ገመድ ፈቱና ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርጋችሁ በመሃል አስገቡት፤ ከ50 ሚሊ አምፔር ካለፈ ፊውዝ እየነቀላችሁ ሌባውን ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ቴፑ ነው፣ በተለይ ኋላ የተገጠመ አምፕሊፋየር ያለው። በዚህ አኳኋን እያለ ግን ሞተር እንዳታስነሱ፣ ቴስተሩ ይቃጠላል።

ምንም ብልሽት የሌለባት መኪናም ልትደክም ትችላለች። የዲኤክስ ዲናሞ ጤነኛ ሆኖ 50 አምፔር ገደማ ነው፣ ሥራ ፈቶ ሲዞር ደግሞ ከዚያም በጣም ያነሰ። ሐምሌ ላይ መብራት፣ ዝናብ መጥረጊያና ማሞቂያ ከፍቶ ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ መናኸሪያ የሚመላለስ ሰው ጠዋት ለማስነሻ ያወጣውን እንኳ አይመልስም። እንዲህ ያለውን መኪና በሳምንት አንዴ ቻርጀር ላይ አሳድሩት። ውሃው ከጎደለ የተጣራ ውሃ ጨምሩ፣ አሲድ አይጨመርም።

ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ዲናሞ መሞከር የሚባለውን ነገር ደግሞ ተዉት። ባትሪው ሲነቀል ቮልቱ ድንገት ይዘላል፣ ዳዮዱን ይበላል። ዲኤክስ ምናልባት ትችለው ይሆናል፤ ኮምፒውተር ያላት ቪትዝ ላይ ያደረገው ሰው ኮምፒውተር ሊገዛ ይችላል።

ስለ ናፍጣ መኪኖችና ስለ ካንዴሌታ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፣ የአይሱዙ ሾፌሮች ታገሱኝ። እስከዚያ ጥያቄ ስትልኩ የመኪናውን ዓይነትና ሦስቱን ቁጥሮች፣ የጠዋቱን፣ ሲነሳ ያለውንና ከተነሳ በኋላ ያለውን፣ አብራችሁ ላኩ። ያለ ቁጥር «አልነሳ አለ» ብቻ ከሆነ መልሴ «ለኩ» ነው።