ከቱላ እስከ ሞያሌ፦ የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ

ከሐዋሳ መናኸሪያ ተነስቶ ወደ ኬንያ ድንበር የሚወርድ አውቶቡስ ከከተማዋ ሳይወጣ ቱላን ያልፋል። ከዚያ እስከ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል፤ ማልዶ የተሳፈረና መንገዱ የቀናለት ሰው ማምሻውን ይደርሳል። ብዙው ተሳፋሪ ርቀቱን በእንቅልፍ ያሳጥረዋል። መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ነቅቶ ለሚያይ ግን፣ ሰው በደረሰው ውሃ ልክ ኑሮውን እንዴት እንዳበጀ በአንድ ቀን ከዚህ አብልጦ የሚያሳይ መንገድ አላውቅም።

መነሻው የሐይቅ ዳር ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስበት ወንዝ ባይኖረውም ውሃው ጨው አልሆነም፤ ከተማዋም ዓሣ ትበላበታለች። ቱላን ሲያልፉ በየጓሮው እንሰት ይታያል። እንሰት ለዓመታት ቆሞ የሚጠብቅ ምግብ ነው። ዝናብ አንድ ወቅት ቢዘገይ እንደ በቆሎ ወዲያው አይጠፋም፤ ተፍቆ በጉድጓድ ሲብላላ ደግሞ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ሲዳማ በቅቤ አርሶ ቡርሳሜ ያደርገዋል። አፖስቶ ላይ ወደ ግራ የሚገነጠለው መንገድ ይርጋለም ይገባል፤ ሐዋሳ ተራውን ከመረከቧ በፊት የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረችው እሷ ናት።

ከዲላ ጀምሮ ጌዴኦ ነው። ወናጎንና ይርጋ ጨፌን ሲያልፉ ከመስኮት የሚታየው ጫካ ይመስላል፤ ነገር ግን እርሻ ነው። ትልልቆቹ አገር በቀል ዛፎች ለእንሰቱ፣ እንሰቱ ደግሞ ከሥሩ ላለው ቡና ጥላ ይሆናሉ። ሥሮቻቸው የተዳፋቱን አፈር ይይዛሉ፣ ቅጠላቸው እርጥበቱን ያቆያል። በተራሮቹ ጀርባ ጥንታውያን ትክል ድንጋዮች ቆመዋል፤ ከወናጎ ብዙም የማይርቀው ቱቱ ፈላ ከታወቁት አንዱ ነው። ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ነው። በቡና ለቀማ ወራት የሚያልፍ ሰው በመንገዱ ዳር አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ያያል።

ከሀገረ ማርያም (ቡሌ ሆራ) በኋላ መሬቱ ዝቅ፣ ዛፉም አጠር እያለ ይሄዳል። ግራር፣ ቀይ አፈር፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ፣ ከዚያም ግመል ይመጣል። ቦረና ነው። በያቤሎና በሜጋ ዙሪያ፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ፣ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያለው ግራጫ ወፍ ይኖራል።

እዚህ ውሃ ከምድር ሆድ በጉልበት የሚወጣ ነው። ዘጠኙ ቱላ ከሚባሉት የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች አንዱ ዱብሉቅ ይገኛል። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ በእርከን ቆመው እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበላሉ፤ ዜማው የእጃቸውን ምት ይጠብቃል። የትኛው መንጋ በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ተራ ያዡ አባ ሄሬጋ ያስከብራል። ውሃው ገንዘብ አይከፈልበትም፤ በሥርዓት ግን ይጠበቃል። ከዚያው አካባቢ መንገድ ለቆ የሚገነጠል ሰው ኤል ሶድን ያገኛል፤ በጥልቅ የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ያለ ጥቁር ሐይቅ ነው። ሰዎች ጠልቀው ጨው ያወጡበታል፣ አህዮች ዳገቱን ይዘው ይወጣሉ።

ሞያሌ ድንበር ለሁለት የከፈላት፣ በሁለቱም በኩል በአንድ ስም የምትጠራ ከተማ ናት። የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያዋ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዚያ ማዶ አስፋልቱ በማርሳቢት ደን አድርጎ፣ 5,199 ሜትር በሚረዝመው የኬንያ ተራራ ሥር አልፎ፣ በናይሮቢ በኩል እስከ ሞምባሳ ባሕር ዳርቻ ይዘልቃል።

ለመሄድ ያሰበ የመንገዱን ሰላም መናኸሪያ ጠይቆ ይነሳ፤ መታወቂያውን ለኬላ ፍተሻ አይርሳ፤ ጉድጓድ ዳር ፎቶ ከማንሳቱ በፊት ያስፈቅድ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናብ በተከታታይ ወቅቶች ሲቀር ቦረና እጅግ ብዙ ከብት አጥቷል። እንሰቱን፣ የጥላ ዛፉንና የጉድጓዱን ተራ ያቆዩ ሰዎች ለሚመጣው ድርቅ የሚያስፈልገን እውቀት አላቸው። ስለ ውሃና ስለ እርሻ የሚወስኑ ባለሥልጣናት፣ የሚያስተምሩ መምህራንም ይህን መንገድ አንድ ጊዜ በቀን ብርሃን፣ በአውቶቡስ ቢሄዱት ለአገር ይጠቅማል።