የእጅን ሥራ መዝግቦ ድረ ገጽን ስለ መፈተሽ

የዛሬ ተማሪ ብዙውን ጉዳዩን የሚያስፈጽመው በመስኮት ፊት ተሰልፎ ሳይሆን በድረ ገጽ ነው። የተመደበበትን ዩኒቨርሲቲ የሚያውቀውና ውጤቱን የሚያየው በዚሁ ነው። ከ2015 ዓ. ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና በኮምፒዩተር ይሰጣል፤ በ2016 ዓ. ም. ደግሞ ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከፊሎቹ ብሔራዊውን ፈተና በኮምፒዩተር ወስደዋል። እንግዲህ ገጹ ቢሳሳት የሚጎዳው ተማሪው ነው፤ ይልቁንም እንደ እንጅባራ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቅ ከተማ የሚኖር ተማሪ በአካል ሄዶ አቤት ለማለት አይመቸውም። ስለዚህ ገጾች ለሕዝብ ከመከፈታቸው በፊት የሚፈተሹበትን አንድ ዘዴ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ፕሮግራም የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ አንዱን ጉድለት ለማቃናት የተደረገ ለውጥ ትናንት ደኅና ይሠራ የነበረውን ሌላ ክፍል ሊያበላሽ ይችላል። ከመጋቢት 6 ወደ 7 ቀን 2016 ዓ. ም. ባደረው ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ነገር ለሁላችንም ትምህርት ነው። ከሥርዓት ማሻሻያ ጋር በተያያዘ ስሕተት ምክንያት ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ቻሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ በኋላም ገንዘቡን እንዲመልሱ ተጠየቁ። ከዚህ በታች የምንገልጸው መሣሪያ ያን ስሕተት ያገኘው ነበር ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ የቀድሞውን ሁሉ እንደገና መፈተሽ ግዴታ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ይህን ፍተሻ ሰው በእጁ ሲያደርገው አሰልቺ ነው፤ የሰለቸ ሰው ደግሞ ይዘልላል። ስለዚህ ፍተሻውን ኮምፒዩተሩ ራሱ እንዲደግመው ትእዛዙን በፕሮግራም ቋንቋ መጻፍ ተጀመረ። በ2004 እ. ኤ. አ. ጄሰን ሀጊንስ የተባለ ባለሙያ በቺካጎ ከተማ ሶትዎርክስ በተባለው ድርጅት ሲሠራ ሴሌኒየም የተባለውን መሣሪያ ጀመረ። በ2006 እ. ኤ. አ. ደግሞ ጃፓናዊው ሺንያ ካሳታኒ ሰው በፋየርፎክስ የሚያደርገውን መዝግቦ ወደ ትእዛዝ የሚለውጥ ተጨማሪ መሣሪያ ለሴሌኒየም አበረከተ። ዛሬ ማይክሮሶፍት በ2020 እ. ኤ. አ. ያወጣው ፕሌይራይትም ክሮም ብራውዘርም የየራሳቸው መዝጋቢ አላቸው።

የመዝጋቢው አሠራር እንደሚከተለው ነው። ሰው ቁልፍ ሲጫን፥ ቃል ሲጽፍ፥ ከዝርዝር ሲመርጥ ብራውዘሩ ለእያንዳንዱ ድርጊት አንድ ምልክት ያወጣል። መዝጋቢው ምልክቶቹን ከጎን ሆኖ ያዳምጣል፤ ለእያንዳንዱም ሁለት ነገር ይጽፋል፤ ይኸውም የተደረገው ምን እንደ ሆነና የተደረገበት የገጹ ክፍል የቱ እንደ ሆነ ነው። የምዝገባ ገጽን ብንወስድ፥ የሚገኘው ጽሑፍ «ገጹን ክፈት፤ የመለያ ቁጥር በሚለው ሣጥን ይህን ቁጥር ጻፍ፤ ሁለተኛ ዓመት የሚለውን ምረጥ፤ መዝግብ የሚለውን ቁልፍ ተጫን» እንደ ማለት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ይህንኑ በፈለግነው ሰዓት ይደግመዋል።

ነገር ግን የተመዘገበው ሁሉ ፍተሻ ነው ማለት አይደለም። መንገድ የለመደ ፈረስ በለመደው ይሄዳል እንጂ የተጫነው እህል መድረሱን አይጠይቅም። መዝጋቢውም የተደረገውን ያውቃል፤ መገኘት የሚገባውን ውጤት ግን አያውቅም። ስለዚህ «ተመዝግበዋል የሚል ቃል መታየቱን አረጋግጥ» የሚለውን የመጨረሻ ትእዛዝ ሰው ሊጨምርበት ይገባል። ይህ ከሌለ ምዝገባው ሳይፈጸም ፍተሻው አለፈ ሊባል ይችላል።

ሁለተኛው ችግር የገጹ ክፍል የሚታወቅበት ምልክት ነው። መዝጋቢው «በሦስተኛው ሣጥን ውስጥ ያለው ሁለተኛ ቁልፍ» ብሎ ከጻፈ፥ አንድ ሣጥን በተጨመረ ቀን ፍተሻው ይወድቃል፤ ወይም ሌላ ቁልፍ ይጫናል። «መዝግብ» በሚለው ስሙ ከያዘው ግን ቁልፉ ቦታ ቢለውጥም ያገኘዋል። ፕሌይራይት የክፍሉን ተግባርና የሚነበበውን ጽሑፍ የሚያስቀድመው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ችግር ጊዜ ነው፤ መረቡ ሲዘገይ ገጹ ሳይመጣ ቁልፍ መጫን ይከተላል። መፍትሔውም ይህን ያህል ሴኮንድ ቆይ ማለት ሳይሆን ቁልፉ እስኪታይ ቆይ ማለት ነው። አራተኛው የምስጢር ጉዳይ ነው፤ በምዝገባው ጊዜ የተጻፈ የይለፍ ቃል በትእዛዙ ውስጥ በግልጽ ሊቀር ስለሚችል፥ ለፍተሻ ብቻ በተከፈተ ስም እንጂ በእውነተኛ ተማሪ ስም መመዝገብ አይገባም።

ከዚህም ሌላ በእኛ አገር የሚጨመሩ ነገሮች አሉ። ብዙዎቻችን የግእዝን ፊደል የምንጽፈው የላቲን ቁልፎችን በማጣመር ነው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ የመዘገበ ፍተሻ፥ የግእዝ መጻፊያ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲደገም ላቲን ይጽፋል። ስለዚህ መመዝገብ ያለበት በሣጥኑ ውስጥ በመጨረሻ የቀረው ቃል ነው። እንዲሁም «ኀይሉ» እና «ሃይሉ» ለእኛ አንድ ስም ሲሆኑ ለኮምፒዩተሩ ሁለት ናቸው፤ በአንዱ የተመዘገበ ፍተሻ በሌላው ደግሞ መሞከር ይገባዋል። በአዊ የሚነገረው አገውኛ ሲጻፍ እንደ «ጝ» ያሉ በአማርኛ የማይሠራባቸው ፊደላት ይገባሉ፤ የአማርኛን ፊደላት ብቻ እንዲቀበል የተሠራ የስም ሣጥን ግን የአንድን የአዊ ልጅ ስም ስሕተት ነው ብሎ ሊመልስ ይችላል። በመስከረም የተመዘገበ ፍተሻም ጳጉሜን አያውቅም፤ አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላትን 13ኛ ወር የሚቀበል መሆኑ ለብቻው መፈተሽ አለበት። እነዚህን ጉዳዮች ከውጭ የመጣ መሣሪያ በራሱ አስቦ አይፈትሽልንም።

በጠቅላላው፥ መዝጋቢው የመጀመሪያውን ረቂቅ በደቂቃዎች ውስጥ ይሰጠናል፤ ረቂቁን አንብቦ ማረጋገጫ መጨመር፥ ደካማውን ምልክት በጠንካራ መተካት፥ የአገሩን ፊደልና ዘመን አቆጣጠር ማስገባት ግን የእኛ ሥራ ነው። ለመመረቂያ ሥራቸው ድረ ገጽ የሚሠሩ ጓደኞቻችን ከመግቢያ፥ ከምዝገባና ከፍለጋ ገጾች ቢጀምሩ፥ መምህራኖቻችንም የፕሮግራሙን ጽሑፍ ሲያርሙ ፍተሻውን አብረው ቢጠይቁ፥ በዚህ ፍተሻ ያለፈ ገጽ የሚከፍት ተማሪ ስሙ ተቀባይነት ያገኝለታል፤ ምዝገባውም ይፈጸምለታል።