እንግዳና ባለ አገር፦ አንድ ሙስሊም መንገደኛ በባንዳ ኔይራ ወደብ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ነው። አንድ ሙስሊም መንገደኛ ከአገሩ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ነዋሪዎቿ በአብዛኛው ሙስሊሞች በሆኑባት ትንሽ የወደብ ከተማ ሲደርስ እንግዳ ነው ወይስ ባለ አገር? አዛኑን ሲሰማ ያውቀዋል፤ ሰላምታውን ያለ አስተርጓሚ ይመልሳል፤ በሶፍ ውስጥ የሚቆምበትን ስፍራ የሚያሳየው ሰው አያሻውም። ይህ ሁሉ ጸጋ ነው። ይሁን እንጂ የምናውቀው ነገር ሲበዛ የማናውቀው ይሰወርብናል። የጋራ እምነት ለመንገደኛው በሩን ይከፍትለታል፤ ቤቱን ለማወቅ ግን መጠየቅና መማር ይኖርበታል። ይህንንም የመንገደኛ ፊቅህ ራሱ የሚያስተምረን ይመስለኛል።

ለምሳሌነት የመረጥኳት ከተማ ባንዳ ኔይራ ትባላለች። ቃሉ በእኛ ቋንቋ ያለው መጥፎ ትርጉም ከስፍራው ጋር ዝምድና የለውም። የምጠቅሳቸውም ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከተማዋ የምትገኘው በምሥራቅ ኢንዶኔዥያ በማሉኩ ክፍለ ሀገር፣ ከአምቦን በስተ ደቡብ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ባሉት ዐሥር ያህል ትናንሽ ደሴቶች መካከል ነው። ፊት ለፊቷ፣ ከጠባብ ባሕር ማዶ፣ በ1988 የፈነዳው ጉኑንግ አፒ የተባለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ቆሟል። ደሴቶቹ ተቃቅፈው ማዕበሉን ስለሚከላከሉላት ወደቧ ለመርከብ ምቹ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታትም መርከቦችን ወደዚያ የሳበው አንድ ፍሬ ነበር፤ እርሱም እኛ መከለሻ ውስጥ የምንጨምረው ገውዝ ነው። የአማርኛው ስም ከዓረብኛው «ጀውዝ» ጋር የተዛመደ መሆኑ፣ ፍሬው በእነማን እጅ እየተላለፈ ወደ ማጀታችን እንደ ደረሰ ይጠቁማል። እስልምናም ወደነዚህ ደሴቶች የገባው በዚሁ የንግድ መስመር ነው፤ ፖርቱጋሎች በ1512 ሲደርሱ በጠረፉ ላይ ሙስሊሞችን አግኝተዋል።

አሁን ወደ መንገደኛው እንመለስ። የመጀመሪያው ጥያቄው ወዴት ዞሬ ልስገድ የሚል ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ የሚሰግድ ሰው ፊቱን የሚያዞረው ወደ ሰሜን ነው፤ በባንዳ ኔይራ ግን ቂብላው ከትክክለኛው ምዕራብ 21 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ያዘነበለ ነው። በኢንዶኔዥያ «ቂብላ ምዕራብ ነው» የሚለው ልማድ ሥር የሰደደ ከመሆኑ የተነሣ፣ የአገሪቱ የዑለማ ምክር ቤት በ2010 በመጀመሪያ ይህንኑ አጽድቆ፣ በዚያው ዓመት ውስጥ አቅጣጫው ሰሜን ምዕራብ መሆኑን በሌላ ፈትዋ አርሟል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሜይ 28 እና ጁላይ 16 ገደማ፣ ፀሐይ በቀትር ከካዕባ አናት በላይ ትውላለች። በዚያች ቅጽበት በጃቫ የሚኖር ሰው ወደ ፀሐይ በመዞር ብቻ ቂብላውን ማስተካከል ይችላል። ባንዳ ኔይራ ግን ከመካ የምድርን ዙሪያ ሩብ ያህል ስለምትርቅ፣ በዚያች ቅጽበት ፀሐይዋ ገና መጥለቋ ነው። በመካ የዙህር ወቅት ሲገባ በባንዳ የመግሪብ ወቅት ይገባል ማለት ነው። አንዱ ሶላት ለሁሉም አንድ ቢሆንም፣ ሰዓቱና አቅጣጫው ከሚቆሙበት መሬት የሚወሰኑ ናቸው። መንገደኛው ከአገሩ ይዞት የመጣው ልማድ እዚህ አያገለግለውም።

ሁለተኛው ጉዳይ የቆይታ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ሲበረታ ከአምቦን የሚመላለሰው ጀልባ ሊቀር ይችላል፤ ለሁለት ቀን የመጣ ሰውም ሳምንት ሊቆይ ይችላል። በኢንዶኔዥያ የሚበዛው፣ በእኛም አገር በሐረርና በሌሎች ስፍራዎች የታወቀው የሻፊዒ መዝሀብ ለዚህ ሁኔታ መልስ አለው። መንገደኛ ባለ አራት ረከዓ ሶላቶችን ወደ ሁለት ያሳጥራል። የደረሰበትንና የሚሄድበትን ቀን ሳይቆጥር አራት ሙሉ ቀን ለመቀመጥ ካሰበ ግን ፈቃዱ ያበቃል። ዛሬ ወይም ነገ እሄዳለሁ እያለ ነፋሱን የሚጠብቅ ሰው እስከ 18 ቀን ድረስ ማሳጠሩን ሊቀጥል ይችላል።

ከዚህ ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ሌላ ድንጋጌ ነው። መንገደኛው ነዋሪ የሆነን ኢማም ተከትሎ ከሰገደ የማሳጠር መብቱን ትቶ አራቱንም ረከዓ ይሞላል። ብቻውን ሲሆን እንደ መንገደኛ፣ ከባለ አገሮቹ ጋር ሲሆን ግን እንደ እነርሱ ይሰግዳል። ሕጉ ለመንገደኛው ማቅለያ ይሰጠዋል፤ በባለ አገሩ ጉባኤ ውስጥ ሲቆም ደግሞ የእነርሱን ሥርዐት እንዲከተል ያዘዋል። እኔም ይህን ከሶላት ውጭ ላለው የእንግድነት ሕይወት ሁሉ መመሪያ አድርጌ እወስደዋለሁ።

ሥርዐቱ በጥቃቅን ነገሮች ይጀምራል። በመስጊዱ ደጃፍ «ባታስ ሱቺ» የሚል ጽሑፍ የሚያይ ሰው ጫማውን ከዚያ መስመር በፊት ያወልቃል። ሴት መንገደኛ «ሙኬና» የተባለውን ሰፊ የመስገጃ ልብስ በብዙ መስጊዶች ለውሰት ተዘጋጅቶ ታገኛለች። እኛ ታላላቆቻችንን ጋሼ፣ እትዬ እንደምንል፣ እነርሱም «ባፓክ» እና «ኢቡ» ይላሉ፤ በባዶ ስም መጥራት ነውር ነው። በማዕድ ላይ የሚቀርበው በአብዛኛው ዓሣ ነው፤ በገውዝ የተቀመመ የዓሣ ሾርባም የደሴቶቹ መታወቂያ ነው። እኛ የምናውቀው የገውዙን ፍሬ ነገር ብቻ ነው፤ እነርሱ ግን የውጭውን ሥጋ ማርማላታና ሽሮፕ ያደርጉታል። በረመዳን የሚሄድ ሰው፣ ስፍራው ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነ፣ በየትኛውም ወቅት ቢሆን 13 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጾማል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ትምህርት ግን የታሪኩ ነው። ወደ ከተማዋ የገባ ሙስሊም፣ መስጊዶቹን አይቶ «ይህች ከአምስት መቶ ዓመት በላይ የኖረች የሙስሊሞች ከተማ ናት» ብሎ ለመደምደም ይቸኩላል። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ትልቁን ስብራት ይዘለዋል። የጥንቱ የባንዳ ሕዝብ ንጉሥ አልነበረውም፤ «ኦራንግ ካያ» በተባሉ ታላላቆች ይተዳደር ነበር። በ1621 የሆላንድ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ገዥ ያን ፒተርስዞን ኩን የገውዙን ንግድ ብቻውን ለመያዝ ጦር ይዞ ዘመተ። 44 ኦራንግ ካያዎች በናሳው ምሽግ ተገደሉ። 15,000 ያህል ይሆን ነበር ተብሎ ከሚገመተው ሕዝብ በደሴቶቹ ላይ የቀረው አንድ ሺህ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ተገደለ፣ በረኃብ አለቀ፣ በባርነት ተጋዘ ወይም ሸሸ። ወደ ኬይ ደሴቶች የሸሹት ልጆች የጥንቱን የባንዳ ቋንቋ ዛሬም ይናገሩታል፤ በባንዳ ራሷ ግን ቋንቋው ጠፍቷል። መሬቱም ለአውሮፓውያን የገውዝ አልሚዎች ተከፋፈለ፤ ከልዩ ልዩ የእስያ አገሮች ባሮች ተጭነው መጡ፤ በኋላም ከጃቫና ከሌሎች ደሴቶች ሠራተኞች ተጨመሩ።

ስለዚህ ዛሬ እንግዳውን የሚቀበሉት ሰዎች፣ አብዛኞቹ፣ አባቶቻቸው በግድም ሆነ በውድ በመርከብ የመጡ ናቸው። እስልምናው አንድ ጊዜ ከነሕዝቡ ተነቅሎ፣ በኋላ ከሌላ ቦታ በመጡ ሰዎች እንደገና የተተከለ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመንም ቅኝ ገዥዎቹ ደሴቲቱን የግዞት ስፍራ አደረጓት። በኋላ የመጀመሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነው ሙሐመድ ሃታና የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሱታን ሻህሪር ከ1936 እስከ 1942 በዚያ ተግዘው የከተማዋን ልጆች ያስተምሩ ነበር። ከ1999 ጀምሮ በማሉኩ በሙስሊሞችና በክርስቲያኖች መካከል የተነሣው ደም አፋሳሽ ግጭትም ባንዳን ነክቷል፤ በ2002 በማሊኖ የሰላም ስምምነት ተፈርሟል። በእኔ ወገን ከተማ ነኝ ብሎ የገባ መንገደኛ በቅርቡ ከተጎዱት ወገኖች አንዱን ብቻ አይቶ ሊመለስ ይችላል። የከተማዋን አሮጌ ቤተ ክርስቲያንም ሊጎበኝ ይገባዋል።

ወደ ጥያቄያችን ስንመለስ፣ መንገደኛው በሶላቱ ባለ አገር፣ በታሪኩ እንግዳ ነው እላለሁ። ሁለቱን ካላምታታ ጉዞው ዋጋ ይኖረዋል። በኔይራ ፓሪጊ ራንቴ በሚባለው ስፍራ ለተገደሉት ኦራንግ ካያዎች የቆመ የመታሰቢያ ሐውልት አለ። ጁሙዓ ሰግዶ የወጣ መንገደኛ አንድ ሽማግሌ «ባፓክ» ብሎ ጠይቆ ወደዚያ ቢሄድ፣ ለእነማን ዱዓ እንደሚያደርግ ዐውቆ ይመለሳል።