ከመተማ ተነስታችሁ ለምትበሩ፦ ቢጫ ካርድ ከወባ አያድንም!

ዛሬ የማወራው ከመተማ፣ ከገንዳ ውኃ ወይም ከቋራ ተነስተው በጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል አዲስ አበባ፣ ከዚያም ውጭ ስለሚሄዱ ሰዎች ነው። ጠዋት መተማ ዮሐንስ ላይ በላብ ተጠምቆ የተነሳ ሰው፣ ግንኙነቱ ከተመቸው ማታ ቦሌ ላይ ጃኬት ለብሶ ይሰለፋል። በሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳም የብዙ አገር ሰዎች በመተማ ገብተው በዚሁ መንገድ ነው ጎንደር ወጥተው የበረሩት።

በቅርቡ አንድ ወንድማችን በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ከርሞ ጎንደር ገብቷል፣ በማግስቱ ወደ ዱባይ ሊበር ነው። «ዶክተር፣ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ራሴን ይፈልጠኛል። ኤርፖርት ላይ ሙቀት ቢለኩኝስ ብዬ ፓራሲታሞል ውጫለሁ። ወባ እንዳይሆን ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ወስጃለሁ።»

ይሄን ስንቴ እንደሰማሁት! ሁለቱ በስም ተመሳሰሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም። ቢጫ ወባ በቫይረስ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው። መተማ ላይ ሰው የሚጥለው ወባ ግን ፕላስሞዲየም ከሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ነው የሚመጣው፤ የሚያስተላልፉት የትንኝ ዓይነቶችም ይለያያሉ። የቢጫ ወባ ክትባት መቶ ጊዜ ብትወጉት ከወባ አያድናችሁም።

ካርዱ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ከኢትዮጵያም ከሱዳንም ለሚነሳ ሰው ብዙ አገሮች ይጠይቁታል። ክትባቱ የሚያገለግለው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በበረራ ዋዜማ መሮጥ ዋጋ የለውም። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ አንዴ የተወሰደ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ወደ ፓራሲታሞሉ ልመለስ። ትኩሳቱን ለጥቂት ሰዓት ያወርደዋል፣ ተሕዋሱ ግን ደም ውስጥ መራባቱን አያቆምም። ፋልሲፓረም የሚባለው ዓይነት ሳይታከም ከቆየ በአንድ ቀን ውስጥ አንጎልና ኩላሊት ላይ ሊደርስ ይችላል። አውሮፕላን ላይ ደግሞ ላቦራቶሪ የለም። ስለዚህ ትኩሳት ካላችሁ ከመብረራችሁ በፊት የትኛውም ጤና ጣቢያ ገብታችሁ ደም ተመርመሩ፤ የጣት ጠብታ ነው፣ ውጤቱም ብዙ አያስጠብቅም። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ከሆነ በፍጹም ለነገ አይባልም። ውጤቱ ነጻ ከሆነና ትኩሳቱ ካልተወ ድገሙት።

ልጁ ተመረመረ፤ ፋልሲፓረም ነበር። ትኬቱን አራዝሞ የሦስት ቀኑን ኮአርተም ከምግብ ጋር እስከ መጨረሻው ጨረሰና ሲሻለው በረረ። ለትኬት ለውጡ የከፈለው አናዶታል፤ እኔ ግን ርካሽ ነው ባይ ነኝ።

ጤነኛ ሆናችሁ ብትበሩም ነገሩ አላለቀም። ፋልሲፓረም ብዙ ጊዜ ከተነደፋችሁ ከሳምንት እስከ ወር ባለው ጊዜ ይጀምራል። ቫይቫክስ ግን ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊነሳ ይችላል። አዲስ አበባ፣ ቤይሩት ወይም ሪያድ ሆናችሁ ትኩሳት ቢይዛችሁ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ «መተማ ነበርኩ» በሉት። እኛ ሐኪሞችም ወረፋው ሲበዛብን «ከየት መጣህ?» ማለት እንረሳለን፤ ከዚያ «ታይፎይድ ነው» ተብሎ ይኬዳል።

ሌላው ካላዛር ነው። የአሸዋ ዝንብ ታስተላልፈዋለች፤ የተሰነጣጠቀ ዋልካ አፈርና የግራር ሥር ትወዳለች፣ ማታ ውጭ የተኛ ሰው ላይ ትበረታለች። ብዙ ጊዜ ምልክቱ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳችሁ፣ በግራ ጎን ሆዳችሁ ካበጠ በወባ መድኃኒት ብቻ አትመላለሱ፣ ስለ ካላዛር ጠይቁ። ካልታከሙት ይገድላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የሕክምና ማዕከል አለው።

ወባም ካላዛርም ደም ያሳንሳሉ። በረራ ላይ እያላችሁ የምትተነፍሱት አየር ጎንደር ከተማ ላይ እንዳለው ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ ጎንደር ደርሳችሁ ትንሽ ዳገት ስትወጡ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ልባችሁ ከዘለለ፣ የደም መጠናችሁን ሳታስለኩ ረጅም በረራ አትግቡ።

ሻንጣን በተመለከተ፦ የዕለት መድኃኒት ሁሉ ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳ ይያዝ፣ ሻንጣ ይጠፋል። ኢንሱሊን የምትወስዱ የመተማ ሙቀት ዋና ጠላታችሁ ነው፤ መኪና ዳሽቦርድ ላይ አትተዉት፣ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉበት። ትራማዶል የያዘ ሰው ወደ ዓረብ አገር ከመሄዱ በፊት ሕጉን ይጠይቅ፣ ያለ ፈቃድ መያዝ እስር ሊያመጣ ይችላል።

ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፣ ማታ ማታ እመልሳለሁ።