ቤይሊፍ (እንግሊዝና ዌልስ)

ቤይሊፍ በእንግሊዝና በዌልስ ያልተከፈለ ዕዳ ለማስከፈል ወደ ባለዕዳው ቤት ሄዶ ንብረት ለመያዝና በሐራጅ እንዲሸጥ ለማድረግ በሕግ ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው። ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ በሕግ የሚጠራበት ስም «የአፈጻጸም ወኪል» ቢሆንም በሕዝቡ አፍ የቆየው የድሮው ስም ነው። ሥራው ኢትዮጵያ ውስጥ የፍርድ ቤት አፈጻጸም ክፍል ከሚሠራው ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ ግን ብዙዎቹ ቤይሊፎች የግል ኩባንያ ሠራተኞች ሲሆኑ የኩባንያው ገቢም ከባለዕዳው ከሚሰበሰበው የአገልግሎት ክፍያ የሚመጣ መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ቤተሰብ ቤይሊፉ በር እስኪያንኳኳ ከጠበቀ፣ የሚከፍለው የመጀመሪያውን ዕዳ ብቻ አይሆንም።

ቤይሊፍ በብዛት የሚላከው ለባንክ ብድር አይደለም። የሚላከው በተለይ ላልተከፈለ የካውንስል ታክስ (ለአካባቢ አስተዳደር የሚከፈል የመኖሪያ ቤት ግብር)፣ ለመኪና ማቆሚያ ቅጣት፣ ለፍርድ ቤት መቀጮ እና ፍርድ ቤት ለወሰነው ዕዳ ነው።

ታሪክ

ዕዳ ለማስከፈል ዕቃ መያዝ በእንግሊዝ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የነበረ ልማድ ነው። በዚህ ሥልጣን ላይ ገደብ ካደረጉት ውሳኔዎች አንዱና ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ1604 በሰሜይን ጉዳይ የተሰጠው ነው። ኤድዋርድ ኮክ የተባለው ዕውቅ የሕግ ሰው መዝግቦ ባቆየው በዚህ ውሳኔ መሠረት፣ የሰው ቤት እንደ ምሽጉ ስለሚቆጠር በግለሰቦች መካከል ላለ ዕዳ ሲባል በር ሰብሮ መግባት አይቻልም። ጉዳዩ የዘውዱ ሲሆን ግን ይቻላል። ይህ ልዩነት ዛሬም አለ። ለክሬዲት ካርድ ዕዳ የመጣ ቤይሊፍ የመኖሪያ ቤት በር መስበር የማይችለው፣ ለወንጀል መቀጮ የመጣው ግን የሚችለው በዚሁ አስተሳሰብ ነው።

ዕቃ ብቻ ሳይሆን ሰውም ይያዝ ነበር። በሎንዶን ሳውዝዋርክ የነበረው የማርሻልሲ እስር ቤት በባለዕዳዎች የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1824 የደራሲው የቻርለስ ዲከንስ አባት በ40 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ዕዳ እዚያ ታሰረ። ገና 12 ዓመቱ የነበረው ልጁም በጫማ ቀለም ፋብሪካ ይሠራ ነበር። «ሊትል ዶሪት» የተባለው ልብ ወለዱ መቼቱን ያደረገው በዚሁ እስር ቤት ነው። ማርሻልሲ በ1842 ተዘጋ፤ በ1869 የወጣው የባለዕዳዎች ሕግም በዕዳ መታሰርን በአብዛኛው አስቀረ። (በቀድሞዋ ኢትዮጵያ ባለዕዳ ከባለገንዘቡ ጋር በሰንሰለት ተቆራኝቶ የሚቆይበት የቁራኛ ልማድ ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ነው፤ ቃሉም እስከ ዛሬ «የዕዳ ቁራኛ» በሚለው አነጋገር ይኖራል።) ከጥቂቶቹ ቅሪቶች አንዱ የካውንስል ታክስ ነው። እያለው ሆን ብሎ ያልከፈለ ሰው በእንግሊዝ እስከ ሦስት ወር ሊታሰር ይችላል፤ ዌልስ ይህን ቅጣት እ.ኤ.አ. በ2019 ሰርዛለች።

አሁን ያለው ሥርዓት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣውና ዋናው ክፍሉ በሚያዝያ 2014 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ነው። ሕጉ የቤት አከራዮች ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ የተከራይን ዕቃ ለኪራይ የመያዝ ጥንታዊ መብታቸውንም አስቀርቷል።

ከዕዳ ሰብሳቢ ጋር ያለው ልዩነት

በር ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ቤይሊፍ አይደለም። ዕዳ ሰብሳቢ አበዳሪው የቀጠረው ወይም ዕዳውን ከአበዳሪው የገዛ ድርጅት ሠራተኛ ነው። ደብዳቤ መጻፍ፣ ስልክ መደወልና እንዲከፈል መጠየቅ ይችላል፤ ንብረት የመያዝ ሥልጣን ግን የለውም። ሂድ ሲባልም መሄድ አለበት። ደብዳቤዎቹ በቀይ ቀለምና በከባድ ቃላት ስለሚጻፉ ብዙ ሰዎች ሁለቱን ያምታታሉ፤ እውነተኛው ቤይሊፍ እያለ ዕዳ ሰብሳቢውን የሚከፍሉም አሉ።

የግል ቤይሊፍ ከካውንቲ ፍርድ ቤት የምስክር ወረቀት ማግኘት አለበት። የምስክር ወረቀት ያላቸው ሰዎች ስም ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ላይ ይገኛል። ባለዕዳው ሲጠይቅ ቤይሊፉ ማንነቱንና ሥልጣኑን የሚያሳይ ማስረጃ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ ይህንንም በር ሳይከፈት በፖስታ ቀዳዳ ወይም በመስኮት በኩል ማየት ይቻላል።

ከደብዳቤ እስከ በር

የካውንስል ታክስ አካሄድ ዕዳ እንዴት እንደሚያድግ በግልጽ ያሳያል። በተለመደው አሠራር አንድ ወርኃዊ ክፍያ ሲያመልጥ የማስታወሻ ደብዳቤ ይመጣል። በሰባት ቀን ውስጥ ካልተከፈለ የዓመቱ ቀሪ ሒሳብ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ያም ካልተከፈለ አስተዳደሩ ከማጅስትሬት ፍርድ ቤት ተጠያቂነትን የሚያረጋግጥ ትእዛዝ ያወጣል፤ የፍርድ ቤት ወጪም ይጨመራል። ከዚያ በኋላ አስተዳደሩ ከደመወዝ ወይም ከመንግሥት ድጎማ እንዲቆረጥ ማድረግ፣ አለዚያም ጉዳዩን ለቤይሊፍ መስጠት ይችላል።

ጉዳዩ ለቤይሊፍ ኩባንያ በተላለፈበት ቅጽበት ማንም ቤት ሳይመጣ አንድ ክፍያ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ደንብ የተወሰነው ታሪፍ ለመጀመሪያው ደረጃ 75 ፓውንድ፣ ቤይሊፉ ቤት ሲመጣ 235 ፓውንድ፣ ዕቃ ለሽያጭ ሲወሰድ ደግሞ 110 ፓውንድ ነበር። ዕዳው ከ1,500 ፓውንድ በላይ ከሆነ በሁለተኛውና በሦስተኛው ደረጃ ላይ ከትርፉ 7.5 በመቶ ይታከል ነበር። በዚህ ስሌት 600 ፓውንድ የነበረ ዕዳ በደብዳቤ ብቻ 675፣ በመጀመሪያው ጉብኝት 910፣ ዕቃ ሲወሰድ 1,020 ፓውንድ ይሆናል። (ከከፍተኛው ፍርድ ቤት በሚወጣ ትእዛዝ የሚመጡ መኮንኖች ታሪፍ የተለየና የበለጠ ነው።)

ትልቁ ዝላይ በደብዳቤውና በጉብኝቱ መካከል ያለው መሆኑን ልብ ይሏል። ሕጉ ቤይሊፉ ከመምጣቱ በፊት እሑድንና የሕዝብ በዓላትን ሳይጨምር ቢያንስ ሰባት ሙሉ ቀናት ቀድሞ የጽሑፍ ማስታወቂያ እንዲልክ ያዛል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ኩባንያውን አነጋግሮ በየወሩ ለመክፈል የተስማማና ስምምነቱን የጠበቀ ቤተሰብ ከጉብኝቱ ክፍያ ይድናል። ችግሩ ግን ይህች ሳምንት አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤው ሳይከፈት የምታልፍ መሆኗ ነው። በተለይ እንግሊዝኛ በማይናገሩ ወላጆች ቤት ደብዳቤ የማንበቡ ሥራ በልጆች ላይ ይወድቃል፤ ልጅም የማይገባውን ወይም የሚያስፈራውን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ቢያስቀምጥ አይፈረድበትም።

በሩ ላይ

ቤይሊፍ መምጣት የሚችለው እንደ እንግሊዝ ሰዓት ከጠዋቱ 6 እስከ ምሽቱ 9፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው። በካውንስል ታክስ፣ በመኪና ማቆሚያ ቅጣት ወይም በተራ የፍርድ ዕዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ ሊገባ የሚችለው በሰላም፣ በበር በኩል ብቻ ነው። ያልተቆለፈ በር ከፍቶ መግባት ይችላል፤ ሰው ገፍቶ ማለፍ፣ በመስኮት መግባት ወይም ቁልፍ መስበር አይችልም። በመሆኑም ባለዕዳው በሩን ቆልፎ ከውስጥ ሆኖ ወይም በስልክ ሊያነጋግረው መብቱ ነው። በቤት ውስጥ ያለው ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ወይም ራሱን መከላከል የማይችል ሰው ብቻ ከሆነ መግባት ክልክል ነው። ፖሊስ አብሮ ቢመጣ እንኳ ተግባሩ ሰላም ማስከበር እንጂ ዕዳ ማስከፈል አይደለም።

ከዚህ የሚለየው ለወንጀል መቀጮ የሚደረገው ጉብኝት ነው። በማጅስትሬት ፍርድ ቤት የተጣለ መቀጮ ሲሆን ሕጉ በኃይል መግባትን ይፈቅዳል። ለመንግሥት ግብር መሥሪያ ቤት ዕዳም በፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲሁ ሊደረግ ይችላል። «በሩን አትክፈቱ» የሚለው በማኅበረሰቡ ውስጥ የሚሰማ ምክር ትክክል የሚሆነው የዕዳው ዓይነት ሲታወቅ ብቻ ነው።

በሩ ተዘግቶ ቢቆይም ውጭ የቆመው መኪና አይተርፍም። ቤይሊፉ ጎማውን በብረት ቆልፎ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ከጠበቀ በኋላ ሊያስጎትተው ይችላል፤ ብዙ ጊዜም መጀመሪያ የሚያዘው እሱ ነው።

አንድ ጊዜ ከገባ ቤይሊፉ የዕቃ ዝርዝር ይዞ «የቁጥጥር ስምምነት» ያስፈርማል። ዕቃዎቹ እዚያው ቤት ይቆያሉ፤ ባለዕዳው ግን ሊሸጣቸው ወይም ሊያሸሻቸው አይችልም። ክፍያው ከተቋረጠ ቤይሊፉ ማስታወቂያ ሰጥቶ ሲመለስ በዚህ ጊዜ በሩን በኃይል ማስከፈት ይችላል። ስለዚህ ፊርማው ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው።

የማይያዝ ንብረት

ሕጉ ቤተሰቡ ለመኖር የሚያስፈልገውን ይተዋል። ልብስ፣ አልጋና አንሶላ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ለቤተሰቡ የሚበቃ የምግብ ጠረጴዛና ወንበር፣ ስልክ፣ የሕክምና መሣሪያ፣ ለሕፃናት እንክብካቤ የሚያስፈልጉ ዕቃዎችና የቤት እንስሳት አይያዙም። ለሥራ ወይም ለትምህርት የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች፣ ኮምፒዩተርና ተሽከርካሪ ጭምር፣ ጠቅላላ ዋጋቸው ከ1,350 ፓውንድ ካልበለጠ ይጠበቃሉ። የሚበልጥ ታክሲ ያለው ሾፌር ግን ይህ ጥበቃ አይሸፍነውም። ቴሌቪዥን ሊያዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ልብስን፣ የማብሰያ ዕቃንና የሙያ መሣሪያን ከመያዝ ነጻ ሲያደርግ የተከተለው ይህንኑ ሐሳብ ነው።

የሌላ ሰው ዕቃም አይያዝም፤ ደረሰኝ ግን ያስፈልጋል። በዱቤ ተገዝቶ ክፍያው ያላለቀ መኪና የአበዳሪው ንብረት ስለሆነ በአብዛኛው ይተርፋል። ባልና ሚስት በጋራ የገዙት ዕቃ ሊያዝ ይችላል፤ ሲሸጥ ዕዳ የሌለበት ወገን ድርሻውን ይቀበላል። በሌላ በኩል አንዱ የትዳር ጓደኛ ብቻውን ለፈረመው ብድር ሌላው አይጠየቅም። ካውንስል ታክስ ከዚህ ይለያል፤ አብረው የሚኖሩ ጥንዶች ለሙሉው ሒሳብ በአንድነትም በነጠላም ተጠያቂ ናቸው።

የዕዳ ቅደም ተከተል

የዕዳ አማካሪዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ዕዳዎችን መለየት ነው። የቤት ኪራይ፣ የቤት ብድር፣ ካውንስል ታክስ፣ ጋዝና መብራት እንዲሁም የፍርድ ቤት መቀጮ ቀዳሚ ዕዳዎች ይባላሉ፤ ክሬዲት ካርድና የግል ብድር ተከታይ ናቸው። መለኪያው የገንዘቡ ብዛት አይደለም፣ ባይከፈል የሚመጣው መዘዝ ነው። 300 ፓውንድ የኪራይ ውዝፍ ቤት ሊያሳጣ ይችላል፤ 5,000 ፓውንድ የክሬዲት ካርድ ዕዳ ግን በራሱ ከቤት አያስወጣም። ይሁን እንጂ በየቀኑ የሚደውለው አብዛኛውን ጊዜ የካርዱ ኩባንያ በመሆኑ፣ የተጨነቀ ሰው የኪራዩን ገንዘብ ለደዋዩ ይሰጣል። ካርድ ለመክፈል ፈቃድ ከሌለው አራጣ አበዳሪ መበደር ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ያለ ፈቃድ ማበደር በአገሩ ወንጀል ሲሆን መበደሩ ግን ተበዳሪውን ወንጀለኛ አያደርገውም።

ከግንቦት 4 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው «የመተንፈሻ ጊዜ» የተባለ ሥርዓት ለባለዕዳው 60 ቀን ይሰጣል። በዚህ ጊዜ በተመዘገቡት ዕዳዎች ላይ ወለድና ቅጣት ይቆማል፤ ቤይሊፍም ሥራውን ማቆም አለበት። ካውንስል ታክስ ይካተታል፤ የወንጀል መቀጮና የልጅ ቀለብ ግን አይካተቱም። የሚገኘው ፈቃድ ባለው የዕዳ አማካሪ በኩል ሲሆን በ12 ወር አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በከባድ የአእምሮ ሕመም ሕክምና ላይ ላለ ሰው የተለየና ረዘም ያለ ዓይነት አለ።

ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነና ቤት ለሌላቸው ሰዎች የዕዳ ማቅለያ ትእዛዝ አለ። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 28 ቀን 2024 ጀምሮ ጠቅላላ ዕዳው እስከ 50,000 ፓውንድ የሆነ፣ ንብረቱ ከ2,000 የማይበልጥ፣ መኪናው ከ4,000 የማይበልጥ እና ከወርኃዊ ወጪው የሚተርፈው ከ75 ፓውንድ ያልበለጠ ሰው ሊያመለክት ይችላል። ማመልከቻው ክፍያ የለውም። የሰውየው ሁኔታ ካልተሻሻለ ከ12 ወር በኋላ የተካተቱት ዕዳዎች ይሰረዛሉ። ከዚህ የሚከብዱት መንገዶች ከአበዳሪዎች ጋር የሚደረግ የዓመታት ስምምነትና ኪሳራ ማወጅ ናቸው።

እንደ ሲቲዝንስ አድቫይስ፣ ስቴፕቼንጅና ናሽናል ዴትላይን ያሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ምክር በነጻ ይሰጣሉ። ለዚሁ አገልግሎት ገንዘብ የሚያስከፍሉ ኩባንያዎችም ስላሉ መለየት ይገባል።

ቅሬታና ሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች

ደንቡን የጣሰ ቤይሊፍ መጀመሪያ ለኩባንያውና ሥራውን ለሰጠው አስተዳደር ይከሰሳል፤ ጉዳዩ ከባድ ከሆነ የምስክር ወረቀቱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል። በሕመም፣ በእርጅና ወይም በሐዘን ምክንያት ራሱን መከላከል የሚያቅተው ባለዕዳ ምክር የማግኘት በቂ ዕድል ሳይሰጠው ቀርቶ ከሆነ የጉብኝቱ ክፍያ ላይጠየቅ ይችላል። ይህ እንዲሆን ግን ኩባንያው ሁኔታውን ማወቅ ስላለበት በጽሑፍ ማሳወቁ ይመረጣል።

ከላይ የተገለጸው ለእንግሊዝና ለዌልስ ብቻ ነው። በስኮትላንድ ይህን ሥራ የሚሠሩት የሸሪፍ መኮንኖች ሲሆኑ ሕጉም የራሱ ነው፤ በሰሜን አየርላንድ ደግሞ ፍርድ የሚያስፈጽመው አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ነው።